የዕለት ሥራና ባልንጀርነት በፊልሞቻችንና በሙዚቃችን ውስጥ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሦስት ባልንጀሮች ሆነን አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም ለማየት ወደ ሲኒማ ቤት ሄድን። ፊልሙ እንደ ብዙዎቹ ስለ ፍቅር ነበር። ወጣቱ ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ይኖራል፤ የሚነዳው መኪና አዲስ ነው፤ ልጂቱን ያገኛል፣ ያጣል፣ መልሶም ያገኛል። ከአዳራሹ ስንወጣ ሁላችንም ስቀን ስለ ነበር ገንዘባችን አልቆጨንም። ከሦስታችን አንዱ ግን፣ ትምህርቱን በችግር ምክንያት አቋርጦ በታክሲ ረዳትነት የሚያድረው ባልንጀራችን፣ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ለመሆኑ ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ሁለታችን ለመመለስ ሞከርን። ቢሮ ነበረው፤ በቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛውም ላይ ስልክ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንመለከተው አንድ ሥራ ሲሠራ አላየነውም።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችው ይህች አጭር ጥያቄ ናት። ከአልጋው ተነሥቶ እስኪተኛ ድረስ የሰው ዕድሜ በአብዛኛው የሚያልፈው በሥራ ላይ ነው፤ ከሥራ የተረፈውም ከባልንጀሮች ጋር ነው። ታዲያ በፊልሞቻችንና በዘፈኖቻችን ውስጥ ለእነዚህ ለሁለቱ የተሰጠው ስፍራ ለምን ይህን ያህል ጠበበ? ስፍራ ያገኙባቸው ጥቂት ድርሰቶችስ ምን አተረፉ? ጸሐፊው ያለው አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ሥራን የማያሳይ ፊልም ባልንጀርነትንም ማሳየት አይችልም፤ ምክንያቱም በአገራችን ባልንጀርነት በአብዛኛው የሚበቅለው በሥራ መካከል ነው። ይህንንም ለማስረዳት ጥቂት ሙዚቃዎችንና ፊልሞችን መርጠን እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

፩. ዘፈን የሥራ መሣሪያ በነበረበት ጊዜ

ነገሩን ከባላገር እንጀምር። ገበሬው አዝመራው ደርሶ ዝናም ወይም ነፋስ እንዳይቀድመው በፈራ ጊዜ ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ይጠብቃቸዋል። አጫጆቹ በተርታ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የዘፈኑ ምት የማጭዱን ምት ይጠብቃል። ወደ ኋላ የቀረውን ሰው አውራጁ በግጥም ይሸነቁጠዋል፤ የቀደመውን ያሞግሰዋል። ሰነፉም እፍረቱን ለመሸፈን ይፋጠናል። በቤት ውስጥም ሴቶች በወፍጮው ላይ አጎንብሰው ሲያንጎራጉሩ የሚፈጩት እህልና የሚያዜሙት ዜማ በአንድነት ይሄዳሉ። እንግዲህ ይህ ዘፈን ስለ ሥራ የሚናገር ዘፈን ሳይሆን እንደ ማጭዱና እንደ መጁ የሥራው አንድ ክፍል ነበር ማለት ነው።

በዚህ ውስጥ ባልንጀርነትም ይታያል። በወንፈል ዛሬ የእኔን ማሳ የረዳኝን ሰው ነገ የእርሱን ማሳ እረዳዋለሁ። ያልተመለሰ ጉልበት እንዳልተከፈለ ብድር ይታሰባል። ሰው ወዳጁን የሚያውቀው በቃሉ ጣፋጭነት ሳይሆን በተጠራበት ቀን በመምጣቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌም የወጣው ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ ነው።

ዘፈን ወደ ከተማ ሲገባ ግን ከሥራው ተለየ። በመጀመሪያ አዝማሪው በጠጅ ቤት፣ ቀጥሎም ልዩ ልዩ የሙዚቃ ጓዶች በቴአትርና በክበብ ያዙት። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራዎች እንዲሁም በ1935 የተመሠረተው አገር ፍቅርና በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በኋላ ብሔራዊ ቴአትር) የዘመናዊው ሙዚቃችን ማደጊያዎች ነበሩ። በእነዚህ ስፍራዎች ሙዚቃ ራሱ የዕለት ሥራ ሆነ። ተጫዋቹ ደመወዝ የሚቀበል ወታደር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በሰዓቱ ይገባል፣ ዩኒፎርም ይለብሳል፣ አለቃ አለው፣ ቢያጠፋ ይቀጣል። ይሁን እንጂ የዘፈኑ ቃል ስለዚህ ሁሉ ዝም ይላል። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው አፍቃሪ ብቻ ነው፤ ያፈቅራል፣ ይናፍቃል፣ በትዝታ ይቃጠላል፤ የሚበላውን ከየት እንደሚያመጣ ግን አይነግረንም።

የዘፋኞቹን ሕይወት ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ማሕሙድ አሕመድ በወጣትነቱ ጫማ የጠረገ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ አሪዞና ክበብ በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ያገለገለ ሰው ነበር። ወደዚያ ክበብ ይመጡ የነበሩ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ዘፋኝ ባጡበት ምሽት የመዝፈን ዕድል አግኝቶ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጓዱ ጋር ተቀላቀለ። በ1975 የወጣው «ኧረ መላ መላ» የተባለው ሸክላ በ1986 በቤልጅግ አገር እንደ ገና ታትሞ የአውሮጳን አድማጭ ጆሮ ሳበ። እንግዲህ ይህን ድምፅ ያሳደገው የሊስትሮ ሣጥንና የክበብ ጓዳ ነው። ይህንን ያወቀ አድማጭ በድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ግጥሙ ግን አይነግረውም።

ይህን ስል ዘፋኞቻችንን መውቀሴ አይደለም። ሸክላ ማሳተም እንኳ በመንግሥት ፈቃድ ለአንድ ድርጅት ብቻ ተከልሎ በቆየበት ዘመን፣ ዐምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በ1969 ደፍሮ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ እስኪያቋቁም ድረስ፣ ዘፋኙ የሚዘፍነውን ብቻ ሳይሆን የሚታተምለትንም መምረጥ አይችልም ነበር። የምጠይቀው የዘፈን ጥበባችን ከደቦው ሲወጣ ምን ጥሎ እንደ ወጣ ለማወቅ ነው።

፪. ከባንድ ወደ ብቸኝነት፤ የኃይሉ መርጊያ ነገር

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ የሚታየኝ የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ሕይወት ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ አባል ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ ማታ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ተጫዋቹና አድማጩ አብረው ያነጉ ነበር። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ አወጣ። በዚህ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፏል። ቃል የሌለበት ሙዚቃ ቢሆንም የደቦውን ሥርዓት የሚያስታውስ ነገር አለው፤ ኦርጋኑ ያወርዳል፣ ነፋስ መሣሪያዎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ሁሉንም በአንድ ተርታ ይይዛቸዋል። አንዱ ቀድሞ ቢሄድ ሌላው ይጠብቀዋል። ለብዙ ሌሊቶች ጎን ለጎን ቆመው የሠሩ ሰዎች መሆናቸው ይሰማል።

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በየከተማው ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነበር። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ኦርጋኖቹንና የከበሮ ድምፅ የሚሰጠውን መኪና ይዞ ብቻውን ሁሉንም እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀረጸ። ብዙዎች ይህን ሥራ የሚያደንቁት በአዲስነቱ ነው። እኔ ደጋግሜ ስሰማው ጎልቶ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ ግን የለም። አኮርዲዮኑ የቆየ ዜማ ያነሣል፤ ከሥሩ የሚመታው መኪና አይዘገይም፣ አይቀድምም። ሸንቋጭም ተሸንቋጭም ስለሌለ ምቱ ፍጹም ትክክል ነው። ይህ ትክክልነት ግን ሙዚቃውን ኀዘንተኛ ያደርገዋል። ባልንጀሮቹ የተበተኑበት ሰው ሙዚቃ ምን ዓይነት እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም፤ ያውም ያለ አንዳች የስደት ግጥም።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። ተራው እስኪደርስ ሰልፉ ሲረዝም ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኦርጋን አውጥቶ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በ2013 የ1985ቱን ካሴት አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደ ገና ባወጣው ጊዜ ስሙ በዓለም ተሰማ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ከሁለት የውጭ አገር ተጫዋቾች ጋር ሆኖ አሳተመ። በዚህኛው ሥራ ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው፤ መኪና አይደለም። ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል፤ ምቱ ይተነፍሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጠብቃል።

በውጭ አገር ስለ እርሱ ሲጻፍ «ታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ» እየተባለ እንደ ትልቅ ተአምር ይነገራል። መደነቁ መልካም ቢሆንም መሠረቱ የተሳሳተ ይመስለኛል። በእኛ አገር ሙዚቀኛ ሁልጊዜም ሌላ ሥራ ነበረው፤ ወይ አጫጅ፣ ወይ ወታደር፣ ወይ ጫማ ጠራጊ ነበር። ሊያስደንቀን የሚገባው ሙዚቀኛ ታክሲ መንዳቱ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ሰው በየታክሲው፣ በየፋብሪካውና በየሆቴሉ ጓዳ እየሠራ ሳለ ስለዚህ የሚናገር ሥራ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

፫. እጅ የሚታይባቸው ፊልሞች

አሁን ወደ ፊልም እንመለስ። በፊልም ታሪካችን ሥራን ፊት ለፊት የተመለከተው ታላቅ ድርሰት የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1974 በሁለት ሳምንት ገደማ በጥቁርና ነጭ ተነሥቶ በ1976 ለሕዝብ ታየ። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የሙያ ተዋንያን አይደሉም። ፊልሙ አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ሲሠራ ያሳየናል። ሲታረስ፣ ከብት ሲጠበቅ፣ እንጨት ሲለቀም፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ባላባቱም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲቆጣ እናያለን። አዘጋጁ አይቸኩልም። ቀንበሩ በበሬው ጫንቃ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ራሱ መድከም ይጀምራል። የፊልሙ ትልቁ ኀዘንም የሚመጣው ከሥራው ውስጥ ነው፤ ልጂቱ በለጠች በጎርፍ የምትሞተው ላሟን ለማዳን ስትል ነው። ለባላባት ንብረት ሕይወቷን ያጣች ልጅ ካየን በኋላ ስለ ግፍ ንግግር አያስፈልገንም።

የፊልሙ ጉድለትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መጨረሻ ላይ ባላባቱን የሚገድለው፣ ሰው እንደ ዕብድ የሚቆጥረው ከበበ ብዙ ይናገራል። በሬውና ቀንበሩ ቀድመው የነገሩንን እርሱ በቃል ይደግመዋል። ሥራውን ያመነበት አዘጋጅ በእነዚህ ቦታዎች ላይ በተመልካቹ እምነት ያጣ ይመስላል። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የመጣ ማንኛውም የአገራችን ፊልም ሠሪ የሚመዘንበት ሚዛን ይህ ፊልም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ2015፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ከኢትዮጵያ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆኖ በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ታየ። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ ድርቅ ካጠቃው አገሩ ወጥቶ ከአባቱ ዘመዶች ዘንድ ይቀመጣል፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የልጁ ባልንጀራ በጉ ቹኒ ነው። አጎቱ ግን በጉ ለበዓል እንዲታረድ ይፈልጋል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ልጁ ምግብ መሥራት የሚችልና የሚወድ መሆኑ ነው። አጎቱ በዚህ ያፍርበታል፤ ወንድ ልጅ እርሻ እንጂ ምድጃ አይነካም ይላል። ልጁ ግን ሳምቡሳ ሠርቶ በገበያ እየሸጠ ለመመለሻው ገንዘብ ያጠራቅማል። እዚህ ላይ ሥራ የፊልሙ ጌጥ ሳይሆን የፊልሙ ክርክር ነው። የትኛው ሥራ የማን እንደ ሆነ፣ የትኛው እጅ እንደሚከበርና የትኛው እንደሚናቅ ይጠይቃል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን እየናቀ በሠሩት ዕቃ ሲጠቀም ለኖረ ኅብረተ ሰብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከማግባት ይልቅ ማንበብን የምትመርጠው የአጎቱ ልጅ ጽዮን ከኤፍሬም ጋር የምትቀራረበውም ሁለቱም የማይፈቀድላቸውን ሥራ በመውደዳቸው ነው። ባልንጀርነታቸው በዚህ ላይ ስለ ቆመ እናምነዋለን። በፊልሙ ላይ ያለኝ ነቀፌታ የተራራው ውበት አንዳንድ ጊዜ ችግሩን የሚሸፍነው መሆኑ ነው። ዐይናችን በአረንጓዴው ሲጠግብ የልጁን ረኃብ እንረሳለን።

በዚያው በ2015 የሄርሞን ኃይላይ «የፍቅር ዋጋ» (በእንግሊዝኛ ስሙ የታወቀው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ») ወጣ። ዋናው ባለታሪክ ቴዲ በአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ነው። አንዲትን በሴትኛ አዳሪነት የምትኖር ሴት ከጥል ለማዳን ጣልቃ በገባበት ሌሊት ታክሲው ይሰረቅበታል። ወደ ዐረብ አገር የሚላኩ ሴቶች ነገርም ከታሪኩ ጋር ተያይዟል። ይህም የፍቅር ፊልም ነው፤ ነገር ግን ፍቅሩ እንጀራ ከሚበላበት ሥራ ጋር ስለ ታሰረ ሌላ ክብደት አለው። በመግቢያው ላይ ያነሣሁትን ባልንጀራችንን ይህን ፊልም አሳየነው። ታክሲው ሲጠፋ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ሲያበቃም «ታክሲ የጠፋበት ሰው መኪናውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ተራውን ነው፣ ተራው ላይ የሚያገኛቸውን ጓደኞቹን ነው። ነገ ጧት ሲነሣ የት ይሄዳል?» አለን። በዚህ ርእስ ብዙ ገጽ ሊጻፍ ይችላል፤ ከዚህ አነጋገር የሚበልጥ ትችት ግን አላነበብኩም። ሥራና ባልንጀርነት አንድ ነገር መሆናቸውን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

በ2021 የታየውን የጄሲካ በሽርን «ፋያ ዳዪ» በአጭሩ እጠቅሳለሁ። በሐረር ዙሪያ ስለ ጫት የሚናገር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ጫቱ ሲለቀም፣ ሲመረጥ፣ ሲታሰርና ኃይሉ ሳይጠፋ ወደ ገበያ ሲጣደፍ እጆችን እናያለን። ምስሉ ከጭስና ከጭጋግ ጋር የተደባለቀ ስለ ሆነ አንዳንዱን ተመልካች ያሰለች ይሆናል። እኔ ግን አንድ ተክል የብዙ ሰው ሥራም ምርኮም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ፊልም ተምሬአለሁ።

፬. በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ ያለ የእኛ ሰው

በ2005 አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ ፊልም አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በብዙ አገር ሰው ዘንድ የተዋወቀው በአብዛኛው በዚህ ፊልም ነው። ስለ ሙዚቃው ብዙ ስለ ተጻፈ አልደግመውም። የማነሣው ዊንስተን የተባለውን ጎረቤት ነው። ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው፤ አምስት ልጆች አሉት፤ እነርሱን ለማሳደግ በሦስት ቦታ ይሠራል። ጎረቤቱ ዶን በኮምፒዩተር ሥራ ሀብት ካገኘ በኋላ በመከዳው ላይ ተጋድሞ የሚውል ሰው ነው። ዶን አላውቀውም የሚለውን ልጁን እንዲፈልግ ጉዞውን የሚያቅድለት፣ ካርታውንና ትኬቱን የሚያዘጋጅለት፣ በመንገድ ላይ የሚሰማውንም ሙዚቃ ቀርጾ የሚሰጠው ዊንስተን ነው።

ፊልሙ ስለ ዊንስተን የተሠራ አይደለም፤ ዊንስተንን የሚጫወተውም አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። ቢሆንም አዘጋጁ አንድ ነገር በትክክል አይቷል። ሦስት ሥራ ያለው ሰው ለባልንጀራው ጊዜ ሲያገኝ ሥራ የሌለው ሰው ለራሱ እንኳ ጊዜ የለውም። የደቦ ልማድ ያለው ሰው በባዕድ አገርም ቢሆን የጎረቤቱን ችግር እንደ ራሱ ማሳ ይቆጥረዋል። ይህን ጠባይ የውጭ አገር ሰው አስተውሎ በፊልሙ ዳር ሲያስቀምጠው፣ እኛ በራሳችን ፊልሞች መካከል ስፍራ ልንሰጠው አለመቻላችን ያሳስባል። በብዙ ፊልሞቻችን የዋናው ባለታሪክ ባልንጀራ አንድ ተግባር ብቻ አለው፤ ይኸውም በካፌ ተቀምጦ የአፍቃሪውን ብሶት ማዳመጥ ነው። የራሱ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ የራሱ ጠባይም የለውም።

፭. የተማረው ሰውና «ጤዛ»

ይህ መጽሔት የሚነበበው በተማሪዎችና በመምህራን ዘንድ ስለ ሆነ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ በዚያ ከተስፋዬ ጋር ባልንጀርነት ያበጃል። ሁለቱም አገራቸውን ለማገልገል ይመለሳሉ፤ ተስፋዬ በአብዮቱ ዘመን ግፍ ይገደላል። አንበርብር ራሱ እንደ ገና በሄደበት በጀርመን በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ያጣል፤ በመጨረሻም ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል።

ብዙዎች ይህን ፊልም የሚያነቡት እንደ ፖለቲካ ታሪክ ነው፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ሥራውን ያጣ የተማረ ሰው ታሪክ አድርጌ አነበዋለሁ። አንበርብር በመንደሩ ዐዋቂ ተብሎ ይከበራል፤ ግን የሚሠራው የለም። የተማረበት ሙያ ከባልንጀራው ጋር የተቀበረ ይመስላል። ቁስሉ መጠገን የሚጀምረው የመንደሩን ልጆች ወደ ማስተማር ሲዞር ነው። ፊልሙ ከፍ ያለ የሚሆነው የተማረውን ሰው የሚያድነው የቀድሞ ክብሩ ወይም ትዝታው ሳይሆን በእጁ የሚገኝ ትንሽ ሥራ መሆኑን በማሳየቱ ነው።

፮. ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ ብዬ እገምታለሁ።

የመጀመሪያው፣ ሲደክም የዋለ ሰው በሲኒማ ቤት ድካሙን እንደ ገና ማየት አይፈልግም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ እኛም ያንን የፍቅር ፊልም አይተን ስቀናል። ነገር ግን የደቦው አጫጅ እየደከመ የዘፈነው ድካሙን ለመርሳት ብቻ ሳይሆን ድካሙን ለመሸከም ነው። ሰው ራሱን ሲያይ የሚያርፍበትም ጊዜ አለ።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። በግል ገንዘብ ፊልም የሚያዘጋጅ ሰው የፋብሪካ ወይም የገበያ ስፍራ ለመቅረጽ ፈቃድና ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የተዋሱትን ሳሎን መቅረጽ ይቀላል። ይህንንም አምናለሁ። ሆኖም ሥራን ለማሳየት ፋብሪካ የግድ አይደለም። አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ቆሎ ስትቆላ፣ አንድ ሰው መቁጠሪያ የሌለው ኪራይ ቤት ውስጥ የመብራት ሒሳብ ሲያካፍል ማሳየት ብዙ ወጪ የለውም።

ሦስተኛውና ከባዱ የሚከተለው ነው። ከ1974 በኋላ ሥራን የሚያሞግሱ መዝሙሮችና የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው ሞልተው ነበር፤ ሕዝቡም እስኪበቃው ድረስ ሰምቷል። ስለ ሥራ መዝፈን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ዘመን ስለ ሆነ ቢሸሸው አይፈረድበትም። መልሴ ግን ሥራን ማሞገስና ሥራን ማየት አንድ አይደሉም የሚል ነው። በመፈክሩ ውስጥ ሠርቶ አደሩ ስም የለውም፤ ወገቡን አያመውም፤ ከአለቃው ጋር አይጣላም፤ ደመወዙ አያልቅበትም። መፈክሩ ሥራን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ሠራተኛውን ደበቀው። የዛሬው የፍቅር ፊልም ደግሞ ሠራተኛውን አምጥቶ ሥራውን ደበቀው። ሁለቱም ሙሉውን ሰው አላሳዩንም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትናቸው ድርሰቶች የምንረዳው እነሆ ይህ ነው። በለጠች ያለ ላሟ፣ ኤፍሬም ያለ ምድጃው፣ ቴዲ ያለ ታክሲው፣ አንበርብርም ያለ ጥቁር ሰሌዳው ቢነገሩን ኖሮ ፍቅራቸውንም፣ ወዳጅነታቸውንም፣ ሞታቸውንም አናምንም ነበር። የኃይሉ መርጊያ ካሴትም ያለ ዋልያስ ባንድ ታሪክ ግማሹ አይሰማም።

ስለዚህ ፊልም ለመጻፍ ወይም ለመተቸት የሚያስቡ ባልንጀሮቼ ሦስት ጥያቄዎችን በእጃቸው እንዲይዙ አሳስባለሁ። ሰውየው የሚበላው ከምን ነው? ከጎኑ ቆሞ የሚሠራው ማነው? ሥራውን ያጣ ዕለት ባልንጀርነቱ ምን ይሆናል? እነዚህን የማይመልስ ድርሰት ቢያስቅም ቢያስለቅስም ነገ ይረሳል።

ጉዳዩ ስለ ፊልም ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ አንርሳ። እኛ በዚህ ቤት የምንማር ሰዎች ነገ ቢሮ፣ ጠረጴዛና ስልክ የሚሰጠን ነን። ከእኛ ጋር ጀምረው በችግር ያቋረጡ ባልንጀሮቻችን ዛሬ ከጎሕ በፊት ተነሥተው በታክሲ በር ላይ ቆመው ይጣራሉ። እኛም በዚያው ታክሲ እንሳፈራለን፤ ሒሳብ ስንሰጥ ፊታቸውን ቀና ብለን የምናይ ግን ስንቶቻችን ነን? ፊልሞቻችን ማየትን ያላስተማሩን እንደ ሆነ ከራሳችን መጀመር አለብን። በዚህ አስተያየት የማይስማማ አንባቢ ቢኖር፣ በተለይም የተሻለ ፊልም ወይም ዘፈን የሚጠቁመን፣ በሚቀጥለው እትም መልሱን ቢጽፍልን ደስ ይለናል።